ለጸዳለ፣ ስለ ሣር ማጨጃሽ

ይድረስ ለእህቴ ለጸዳለ፣
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን መጀመሪያ ጠፋ የሚለውን እንተወው፤ ከሰብለ ሠርግ ወዲህ ሁለታችንም ተያይዘን ነው የጠፋነው። የድምፅ መልእክትሽን ሳይ ናፍቄሽ መስሎኝ እየሮጥኩ ከፈትኩት። አንቺ ግን ገና ሰላም ሳትዪኝ «ይሄ ሣር ማጨጃ ሊገድለኝ ነው፣ ምን ይሻለኛል?» ብለሽ ጀመርሽ። በሳቅ ነው የሞትኩት። ይሁን፣ እንኳንም ተበላሸ።

በድምፅ ያልመለስኩልሽ ሆን ብዬ ነው። ብነግርሽ ጋራዥ እስክትገቢ ትረሺዋለሽ። ይሄን አትመሽ ይዘሽው ግቢ።

«ሩብ ሰዓት ያህል ያጭዳል። ከዚያ ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ይሄድና ይቆማል። ገመዱን ብጎትት እምቢ። ምሳ በልቼ ስመለስ በአንዴ ይነሣል» ነው ያልሽው። እንዲህ አድርገሽ ስለነገርሽኝ ግማሹን ሥራ ጨርሰሽልኛል።

አባቴን ታስታውሺው የለ? ደብረ ብርሃን፣ ወፍጮ ቤታችን ደጃፍ ጤፍ ይዘሽ ወረፋ ስትጠብቂ ሞተሩ የቆመ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ «ኧረ ፍታው!» እያለ ይጮኽ ነበር። እሱ ግን ቁልፍ አያነሣም። መጀመሪያ «እንዴት አድርጎ ነው የቆመው?» ብሎ ይጠይቃል። የሱ የናፍጣ ሞተር ነው፤ ካንዴላ የሚባል፣ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚለኩስ ነገር የለውም። ጥያቄው ግን ለቤንዚን ሞተርም ይሠራል። እየደከመ፣ እየተንገጫገጨ የሚቆም ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ያጣ ነው። መብራት እንደጠፋበት ቤት በአንዴ ጭጭ ካለ ደግሞ እሳት ነው ያጣው። ያንቺ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ጎረቤትሽ «ካርቡራተሩን ለውጪው» ብሎሻል፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ማለቱ ነው። ተይው፣ ገና ነው። ብር ከማውጣትሽ በፊት የሰልባቲዮውን፣ ማለት የቤንዚን ማጠራቀሚያ ጋኑን፣ ክዳን እንይ።

ክዳኑ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቤንዚኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ያ ቀዳዳ በአቧራና በሣር ብናኝ ከተደፈነ፣ ሰልባቲዮው ቤንዚኑን ወደ ላይ ስቦ ይይዘዋል። ሞተሩ ጠብታ ይጠብቃል፣ ያጣል፣ ይቆማል። አንቺ ምሳሽን እስክትበዪ አየሩ ቀስ እያለ ሰርጎ ይገባና ቤንዚኑ እንደገና ይወርዳል። ተመልሰሽ ስትጎትቺው ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሣል።

ስለዚህ ልክ እንደቆመ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ክዳኑን ፍቺው። አየር ሲሳብ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ፣ ከዚያም መልሰሽ ዘግተሽው ወዲያው ከተነሣ፣ ነገሩ አለቀ። ክዳኑን በሳሙና እጠቢው፣ ቀዳዳውን በመርፌ ጥረጊው፤ እምቢ ካለ አዲስ ክዳን ግዢ። ርካሽ ነው። አደራ፣ «ላላ አድርጌው ልጨድበት» እንዳትዪ። አጠገቡ ያለው ማርሚታ፣ የጭስ መውጫው፣ ግሎ ነው የሚውለው፤ ቤንዚን ከተፈናጠቀበት ሌላ ጣጣ ነው።

ክዳኑ ንጹሕ ሆኖ ካገኘሽው ወደ ቤንዚኑ እንሂድ። ባለፈው መስከረም ሰልባቲዮው ውስጥ የተረፈውን ክረምቱን ሙሉ እዚያው አላቆየሽውም? እዚህ አገር የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል እርጥበት ይስባል። ቤንዚኑም ሲቆይ እየወፈረ ሙጫ ነገር ይሆንና ቀጫጭን ቀዳዳዎችን ይዘጋል። አሮጌውን ቅጂውና አዲስ ጨምሪበት። ማደያው ላይ 15 በመቶ የሚል ካየሽ አትንኪው፤ ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች አልተፈቀደም።

ከዚያ በኋላ ነው ካርቡራተሩ። እሱንም ለመለወጥ ሳይሆን ለማጠብ። ከሥሩ በአንድ ብሎን የታሰረች ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለች። የነዳጅ መዝጊያ ካለው ዝጊው፣ ከሥር ዕቃ አስቀምጪ፣ ብሎኗን ፍቺ። ታችዋ ላይ ውሃ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ካየሽ ጥፋተኛው ተያዘ። ብሎኗን ራሷንም ተመልከቻት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቤንዚኑ የሚያልፈው በእሷ ቀዳዳ ነው። በካርቡራተር ማጠቢያ እየነፋሽ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥረጊያት። ብረት አትጠቀሚ፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማሽኑን የአጎትሽ ልጅ ከሂዩስተን ነው ያመጣልሽ፣ አይደል? ሂዩስተን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። አንቺ ያለሽው ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። እኛ ከ2,700 ሜትር በላይ ያደግን ሰዎች 1,600 ሜትር ቆላ ይመስለናል፤ ለሞተር ግን ትልቅ ዳገት ነው። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ለከፍታ የተሠራ ማስተካከያ አለ፤ የሞተሩን ቁጥር ይዘሽ ዕቃ መሸጫ ጠይቂ። ለሩብ ሰዓቱ ጉዳይ ግን እሱን አልጠረጥረውም። ከፍታው ቢሆን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ነበር የሚያስቸግርሽ።

አሁን ተሳስቼ ከሆነና ሞተሩ ድንገት ጭጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ የምጠረጥረው ኮይሉን፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን፣ ነው። ሲግል እሳት መስጠት ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ እንግዲህ ጠባዩ ከተደፈነ ክዳን ጋር ይመሳሰላል፣ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። መለያው ይሄ ነው፦ እንደቆመ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ የካንዴላ መፈተሻዋን በካንዴላው ገመድና በራሱ በካንዴላው መካከል አስገቢና መያዣውን ጨብጠሽ አስነሺው። መፈተሻዋ ካላበራች እሳት የለም። ሲቀዘቅዝ ብትፈትሺው ደህና መስሎ ያታልልሻል። ኮይሉን ከመግዛትሽ በፊት ግን የላይ ሽፋኑን ከፍተሽ ሣር የደፈነውን የሞተሩን ማቀዝቀዣ ክንፍ ጥረጊ። ያለ አየር የሚሠራ ሞተር ማንኛውንም ኮይል ያቃጥላል።

ካንዴላውን ፈትተሽ ስታወጪው እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ጠጥቷል፤ ጥቁርና ደረቅ ከሆነ አየር አንሶታል። አየር ማጣሪያውን ያኔ እዪው። አዲስ ካንዴላ ካስገባሽ የጫፉ ክፍተት በብዙዎቹ 0.76 ሚሊሜትር ነው።

ከሥር የተጋገረውን ሣር መፋቅሽ አይቀርም። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ንቀዪው፤ ይሄን ሳታደርጊ እጅሽን ወደ ቢላዋው ብትሰጂ አልታረቅሽም። ስታጋድሚው ካርቡራተሩና ማጣሪያው ወደ ላይ ይሁኑ። በተቃራኒው ካጋደምሽው ዘይቱ ማጣሪያው ውስጥ ይገባና መንደሩን በጭስ ታጥኚዋለሽ።

መያዣውን ስትለቂው መቆሙን ግን በብልሽት አትቁጠሪው። ከ1982 ጀምሮ እዚህ አገር እየተገፉ የሚያጭዱ ማሽኖች መያዣው በተለቀቀ በ3 ሰከንድ ውስጥ ቢላዋቸው እንዲቆም ሕግ አለ። «በገመድ እሰረውና ይመችሃል» የሚሉ አሉ። አትስሚያቸው።

በቃ፣ ስለ ሞተር ይሄው ነው። እትዬ አስካለ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን አሻላቸው? የድሮው ስልካቸው አይሠራም፣ አዲሱን ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሥራ በጊዜ ስለምወጣ ደውዪ። ክዳኑን ስትፈቺው የሰማሽውን ንገሪኝ፣ ካንዴላውንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። እስከዚያ ካርቡራተር እንዳትገዢ።

እህትሽ ትርሲት
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ