ስለ ደም መጣጩና ስለ መካኒኩ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ በዚህ በጅማ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ዝናቡ ዘንድሮም ልማዱን አልተወም፤ ጠዋት የተሰጣ ስጥ ቀትር ሳይደርስ ይገባል። የልብ ወለድሽን ረቂቅ በአውቶቡስ የላክሽው ሰው በአደራ አድርሶልናል። እኔ ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነበው እናትሽ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና ሰማችው፤ ደም መጣጩ በገባበት ገጽ ሁሉ «ይህ ሰውዬ ቡና እንኳ አይጠጣም?» እያለች ታቋርጠኝ ነበር። ሳልሸፋፍን እንድጽፍልሽ ስለ ጠየቅሽኝ፣ ዕድሜዬን በላቦራቶሪ ከደም ጋር ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ የማውቀውንም የተሰማኝንም እጽፍልሻለሁ።

ታሪክሽ ከጅሬን ኮረብታ ሥር በአሮጌ ቤት የሚኖር፣ ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈ ደም መጣጭ (ፈረንጆቹ ቫምፓየር የሚሉት)ና በአጋሮ መንገድ ካለ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት መካኒክ አንዲትን የነርስነት ተማሪ ለማግባት ሲፎካከሩ ያሳያል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ደም መጣጩ በየምዕራፉ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ብቸኝነትና ስለ ዘለዓለም ገጽ ሙሉ ሲናገር፣ መካኒኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ደኅና ነሽ?» እና «ዝናብ ሊመጣ ነው» ከማለት አያልፍም። የአንደኛውን አፍ ለጉመሽ ሌላኛው አሸነፈ ብትይ ማን ያምንሻል? አንባቢ የልጅቷ ልብ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚጨነቀው ሁለቱም የሚያጓጓ ነገር ይዘው ሲቀርቡ ነው።

እንዲህ ያለ ፉክክር በደም መጣጭ ታሪኮች ውስጥ አዲስ አይደለም። አየርላንዳዊው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ሉሲ የምትባለውን ወጣት በአንድ ቀን ሦስት ወንዶች ለጋብቻ ይጠይቋታል፤ እርሷም አርተር የሚባለውን ትመርጣለች። አራተኛው፣ ደም መጣጩ ድራኩላ፣ ግን ሳይጠይቅና ሳያስፈቅድ በሌሊት ይመጣል። ደሟ እየተመጠጠ ስትመነምን በመጀመሪያ እጮኛዋ ደሙን ይሰጣታል፤ የእርሱ አልበቃ ሲል ከጠያቂዎቿ አንዱ የነበረው ሐኪም፣ ቀጥሎ አረጋዊው ፕሮፌሰር፣ በመጨረሻም ሦስተኛው ጠያቂ አሜሪካዊው ይሰጣሉ። ሉሲ ከተቀበረች በኋላ አርተር፣ ደሙ በደም ሥሯ ስለ ፈሰሰ በእውነት እንደ ተጋቡ እንደሚሰማው ሲናገር፣ እነዚያ ሦስቱ እነርሱም መስጠታቸውን ውጠው ዝም ይላሉ። ለእኔ ከጥርሱና ከሬሳ ሣጥኑ ሁሉ ይህ ዝምታ ይበልጥብኛል፤ የተሸነፉት ጠያቂዎች ላሸነፈው ሲራሩለት ያሳያልና። በሙያዬ ዓይን ካየሁት ግን ሉሲን የገደላት ደም መጣጩ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን ግኝት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1901፣ ማለትም መጽሐፉ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ዓይነቱ የማይገጥም ደም ሊገድል ይችላልና፣ የአራት ሰዎች ደም ያለ ምርመራ የገባባት ልጅ ከድራኩላ ጥርስ ብታመልጥ እንኳ ከወዳጆቿ ደም ማምለጧ ያጠራጥር ነበር፤ ፍቅር የደም ዓይነትን አይለውጥም።

በአንቺ ረቂቅ ውስጥ ያለው የደም ሒሳብም እንቅልፍ ነስቶኛል። በአራተኛው ምዕራፍ ደም መጣጩ ከልጅቷ በአንድ ሌሊት ሁለት ሊትር ያህል ይጠጣል፤ እርሷም በማግስቱ ተነሥታ ክፍል ትገባለች። በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር አካባቢ ነው፤ ቀጭን ናት ብለሻልና የእርሷ ከዚያም ያንሳል። ከዚህ ላይ ሁለት ሊትር በአንድ ጊዜ ከጎደለ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ልቧ ይጣደፋል፣ ላብ ያሰምጣታል፣ ራሷን ትስታለች፤ ክፍል መግባቱ ቀርቶ ነፍሷ ከተረፈ ትልቅ ነገር ነው። ደም ለጋሽ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹ ክፍል በአንድ ሁለት ቀን ሲተካ ቀያይ የደም ሕዋሳቱ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ለጋሹን ሦስት ወር ሳይሞላው እንዳይመለስ የምንነግረውም ስለዚህ ነው። ይህን ደረቅ ቁጥር ንቀሽ አትለፊው፤ ለታሪክሽ ከጨረቃው የበለጠ ይጠቅመዋል። እወድሻለሁ የሚል ደም መጣጭ ሦስት ወር ይታገሣል? ከታገሠስ በእነዚያ ሦስት ወራት የማንን ደም ይጠጣል?

ይህ ጥያቄ ወደ ዕድሜው ይወስደኛል። «ዘመናትን ብቻዬን አለቀስሁ» ይላታል፤ እርሷም ታዝንለታለች፤ እናትሽም ጥቂት አዘነችለት። ነገር ግን ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ወደ ጅማ መጣ ካልሽ፣ ያለቀሰው እዚሁ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ ጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ነበር፤ ከዚያ በታች የሚቆመው የሂርማታ ገበያ ደግሞ ቡናና ዝባድ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚሸጥበት ነበር። በሌሊት ደም የሚፈልግ ፍጡር በዚያ ዘመን ማንን ይመርጥ ነበር ትያለሽ? የባላባቱን ልጅ አይደለም። ሲጠፋ የሚጠይቅለት ዘመድ የሌለውን፣ ከሩቅ አገር ተነድቶ የመጣውን፣ ስሙን እንኳ በዚህ ከተማ የሚያውቅለት ሰው የሌለውን ነው። ሁለት መቶ ዓመት መኖሩን እንደ ጌጥ አድርገሽ ከማቅረብ ይልቅ ልጅቷ አንድ ማታ ስለ እነዚያ ሰዎች ትጠይቀው፤ ስማቸውን ያስታውስ እንደ ሆነ ትጠይቀው። ምን እንደሚመልስ እኔም ለማንበብ እጓጓለሁ፤ ጥሩ ተናጋሪ አድርገሽዋልና በዚያ ቦታ ላይ ንግግሩ ሲያልቅበት ማየት እፈልጋለሁ።

ከውጭ የተዋስሽው የደም መጣጭ ሕግ ደግሞ ጅማ ሲገባ መፈተን አለበት። ድራኩላ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ግባ ካላለው በቀር አንድን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ መግባት አይችልም። በእኛ ሰፈር ይህ ሕግ ማንን ይጠብቃል? ደጃፍ ላይ የቆመን ሰው ማንነቱን ሳናጣራ «ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል» የምንል ሰዎች ነን። ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ ግን ምስኪኑ ደም መጣጭ አለቀለት፤ ተጋብዞ ከገባ በኋላ ወጡ ሲወጣ ሰበብ ፈልጎ መነሣት አለበት፤ የልጅቷ እናትም ምግብ የናቀ እንግዳን እንደማትረሳ ታውቂያለሽ። በፀሐይ ብርሃን መሞቱ ከስቶከር የመጣ አይደለም፤ የእርሱ ድራኩላ ኃይሉ ቢቀንስም በቀን ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ የገደለችው እ.ኤ.አ. በ1922 «ኖስፌራቱ» በተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ፤ አሁን በሦስተኛው ምዕራፍ ፀሐይ ታቃጥለዋለች፣ በስድስተኛው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ገበያ ይዞራል።

ከሕጎቹ ሁሉ የሚበጅሽ የወራጅ ውኃው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ደም መጣጩ ወራጅ ውኃን በፈለገው ሰዓት በራሱ ኃይል ሊሻገር አይችልም፤ አዌቱ ደግሞ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ልጅቷ ከወንዙ ማዶ ከሆነች የሚያሻግረው ነገር፣ ማለትም መኪና ያስፈልገዋል፤ በእኛ መንገድ የሚሄድ መኪናም መካኒክ ሳይፈልግ አይከርምም። ተፎካካሪዎቹ ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ቦታ ፍለጋ የተቸገርሽ ትመስያለሽ፤ ጋራዡ ይኸውልሽ። ደም መጣጩ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ይጠብቅ፤ የደም መጣጭ መልክ በመስታወት አይታይምና፣ መካኒኩ ከኋላ ሆኖ ሲሠራ ቀና ብሎ ስፖኪዮ ውስጥ ሲያይ የሾፌሩ ወንበር ባዶ ይሁንበት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ዝምተኛ ልጅ ማንም የማያውቀውን ያውቃል፤ የሚናገረውም ያገኛል። ቢናገር ግን ማን ያምነዋል?

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንድትሄጂ የምፈልገው ነገር አለ። ልጅቷ እየገረጣች ስትሄድ ጎረቤት «ተበልታ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ዓይኑ የሚዞረውም ወደ ማን ይመስልሻል? ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ወደሚሰጠው ባለጸጋ አይደለም። መካኒኩ አያቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ ብለሽ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል፤ እኔ አንቺን ብሆን መላውን ታሪክ በዚያች መስመር ላይ እሠራዋለሁ። ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያለ ሲሰድብ የኖረው አገራችን ነው፤ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ መከልከል እስኪያስፈልጋቸው ድረስ። ደሟን የሚጠጣው ሌላ፣ ስሙ የሚነሣው የመካኒኩ፤ ደም መጣጩም ይህን ሐሜት ሰምቶ ፈገግ ይበል እንጂ አያስተባብል። በአውሮፓም ቢሆን እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ጥፋት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ1732 የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች በሰርቢያ ሜድቬጃ መንደር ደም መጣጭ ሆነዋል ተብለው ተቆፍረው የወጡ ሬሳዎችን መርምረው ዘገባ ጽፈዋል፤ በአፍ ዙሪያ የታየውን ደም የመሰለ ፈሳሽ ያመጣው ግን ሬሳ ሲበሰብስ የሚፈጠር ጋዝ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪሟ ያቀረበላትን ጥናት ተመልክታ እ.ኤ.አ. በ1755 መቃብር ቆፍሮ ሬሳ ማቃጠልን እስከ መከልከል ደርሳለች።

የሽምግልናው ምዕራፍ በረቂቅሽ ውስጥ አለመኖሩ እናትሽን አስቆጥቷታል፤ እኔንም አስገርሞኛል። ጅማ ውስጥ ሴት ልጅ የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ሳይልክ? ደም መጣጩ ማንን ይልካል፣ እኩዮቹ ሁሉ ካለፉ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። የልጅቷ ወገኖች ሰባት ቤት ድረስ ዘር ሲቆጥሩ በአያት በቅድመ አያቱ ላይ ሳይሆን በራሱ በጠያቂው ላይ ይደርሳሉ፤ ከእርሷ ጋር ዝምድና እንደሌለው በምን ያረጋግጣል? ደግሞስ የየትኛው ዕድር አባል ነው ሲባል ምን ይላል? ይህን ምዕራፍ እየሳቅሽ ጻፊው። የመካኒኩ ሽማግሌዎች ደግሞ የጋራዡ ባለቤትና አንድ አጎቱ ይሁኑ፤ ሐሜቱን ሰምተው እያፈሩ ቢመጡም ይምጡ፤ እርሱም በዚያ ቀን እጁን በነዳጅ ሲያጥብ ይዋል።

ልጅቷን በመጨረሻ ማንሣቴ አንቺም በመጨረሻ ስላሰብሻት ነው። ሁለቱ ምን እንደሚፈልጉ ተነግሮናል፤ እርሷ የምትፈልገውን ግን ከየትም ገጽ አላገኘሁም። የነርስነት ተማሪ ናት እኮ። የድካሟን፣ የልብ ምቷን ምክንያት ሌላ ሰው እስኪነግራት ለምን ትጠብቃለች? አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ዝቅ ታድርግና ውስጡ ነጭ መሆኑን፣ ይህም የደም ማነስ ምልክት መሆኑን ራሷ ትይ፤ ከዚያ በኋላ የምታደርገውን ምርጫ፣ ማንንም ትምረጥ፣ ማንንም አትምረጥ፣ አምኜ እቀበላለሁ። እናትሽ ይህ ታሪክ ስለ ራስሽ እንደ ሆነ እንድጠይቅሽ አዝዛኛለች። እኔ አልጠየቅሁም፤ ብትመልሺላት ግን አልከፋም።

ረቂቁን በእርሳስ ምልክት አድርጌበት፣ ከአንድ ኪሎ ቡናና ከጥቂት ማር ጋር በዚያው ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ልጅቷ ሆስፒታል የምትገባበትን ምዕራፍ እንደገና ከመጻፍሽ በፊት ግን ደውይልኝ፤ የሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) መጠኗን ስንት እንደምታደርጊው መነጋገር አለብን። በዴሲ ሊትር ከ7 ግራም በታች ካወረድሽው ሐኪሙ ደም ያዝዝላታልና፣ ደሙ ከማን እንደሚመጣና ዓይነቱ ይገጥም እንደ ሆነ ከወዲሁ ማወቅ ይኖርብሻል።

አባትሽ
ጅማ