ተቆጣጣሪው ሳይደውል ይምጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«የአካባቢ ሕግ ፋብሪካን ያቀጭጫል» የሚል ወሬ በየስብሰባው ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝና ነው የምጽፍላችሁ። ሞጆ ውስጥ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር።

የፍሳሽ ማጣሪያ ነበረን። ብቻ አየር የሚነፋው ማሽን መብራት ይበላል ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚውለው። ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ በተባለ ዕለት ጠዋት ይነሳል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ እኛም አዲስ ቱታ እንለብሳለን። ናሙና ይወሰዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ማታ ማሽኑ ይጠፋል። ወንዙ ግን ቱታ አይቀይርም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2001 የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን በመመዘኛው ልክ እንዲያስተካክሉ የ5 ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። አምስቱ ዓመት ካለፈ ስንት ዘመኑ!

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? በተለመደው አሠራር ቆዳ ሲለፋ ከሚጨመረው ክሮም ከሚባል ማልፊያ ኬሚካል 30 በመቶ ያህሉን ቆዳው አይጠጣውም፤ ከውኃው ጋር ይደፋል። ክሮም የሚገዛው በዶላር ነው። አንድ ልጅ እግር ኬሚስታችን ያገለገለውን የክሮም ውኃ አጣርተን ለቀጣዩ ድራም፣ ማለት ቆዳው ለሚለፋበት በርሜል፣ እንመልሰው፣ ወጪም ይቀንሳል፣ ወንዙም ያርፋል ብሎ ወረቀት ላይ አስልቶ ቢያቀርብ አለቃው «ማን ጠየቀህ?» አለው። እውነቱን ነው፣ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ አንድ የውጭ ገዢ መጥቶ የሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ (ቆዳ ፋብሪካዎችን በአካባቢ ጥበቃ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ሰርተፍኬት አላችሁ ወይ ሲል ግን ያ ወረቀት ከመሳቢያ ወጣ። የውኃ ቆጣሪ ሳይቀር ተገጠመ። ዘዴው ድሮም ነበረ፤ የጎደለው የምር የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሐዋሳን እዩ። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የተሠራው ከመነሻው ነው። ካለቀ በኋላ ልጨምር ቢባል ወጪው ሌላ ነበር።

ትንንሾቹ ፋብሪካዎች አቅም የላቸውም የሚለውን አልክድም። መለዋወጫ ለማስመጣት ዶላር መለመን ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ባንክ ለማጣሪያ መለዋወጫ ቅድሚያ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ግን ማጣሪያውን እያጠፋ የሚያድር ፋብሪካ ማጣሪያውን እያሠራ ከሚከስረው ጋር በአንድ ገበያ እየተወዳደረ ማን ሞኝ ነው አዲስ ነገር የሚሞክር?

ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሳይደውል ይምጣ። ሲቻል ሌሊት ይምጣ፣ እኛ ድራም የምንደፋው ሌሊት ነበር። የናሙናውን ውጤት ደግሞ የፋብሪካውን ስም ጠቅሳችሁ እናንተ አትሙት።

የቀድሞ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ፣
ከሞጆ