ለቮልስ ባለቤት አባላት፦ ስለ ጎማ ምርጫና ባላንስ

ውድ አባላት፣ መሪው በ70 እና በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ባላንስ (ክብደታቸውን ዙሪያውን ማመጣጠን) አሠሩ፤ ንዝረቱ በወንበር በኩል ከተሰማ ግን የኋላዎቹን ተጠራጠሩ።

ባለ 5 ቡሎን ቸርኬ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። የመሀል ቀዳዳው በጣም ሰፊ ስለሆነ የባላንስ ማሽኑ ኮን (መሀል ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ሾጣጣ ማሰሪያ) በትክክል አይይዘውም። በቡሎን ቀዳዳዎቹ የሚታሰር ማያያዣ የሌለው ጎሚስታ ቸርኬውን ከመሀል አዛንፎ ያስረዋል፤ ማሽኑ ዜሮ ቢያሳይም መኪናው ላይ ሲገባ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ለአንድ ጎማ ከ60 ግራም በላይ እርሳስ (ቸርኬው ላይ የሚለጠፍ የባላንስ ክብደት) ከተጠየቀ ዝም ብሎ አይለጠፍ። አየሩን አስወጥቶ ጎማውን በቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንደገና መለካት ነው። ያም ካልረዳ ቸርኬው ሳይታጠፍ አልቀረምና ይታይ።

የፋብሪካው የጎማ ልክ 5.60-15 በራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው በተዘረጉበት ጎማ) 165/80 አር 15 ይተካል፤ ሁለቱን ዓይነት ግን አትቀላቅሉ። አየሩ ለራዲያል ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ብዙ አይፈልግም፤ አራቱንም እኩል 30 መሙላት ነው ቮልስን የሚያነጥረው።

ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብቡ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ የተሰነጣጠቀውን ተዉት።