በማሸጊያችን ላይ ያለው ቀን ለምን ተለወጠ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ከእኛ የምትገዙት ዱቄት፣ ሩዝና ጥራጥሬ ማሸጊያ ላይ የለመዳችሁትን ጽሑፍ አታገኙትም። «የሚያበቃበት ቀን» ይል የነበረው አሁን «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» ይላል። ትኩስ ወተቱና ለስላሳ አይቡ ላይ ግን በቀይ ቀለም «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» ብለን አትመናል። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ፣ ያልተሸጠ ዕቃ ስላለባችሁ ነው ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምግብ የሚሸጥ ሰው ስለ ቀን ሲያወራ መጠራጠር ያለ ነገር ነው።

አንድም ቀን አላራዘምንም። ቆጠራው እንደ ድሮው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ነው።

ነገሩን እንድናስብበት ያደረገን አንድ ጠዋት ከአከፋፋይ የተመለሰ ዕቃ ነው። 40 እሽግ ባቄላ፣ ቀኑ ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል ተብሎ መጣ። ከመጋዘን ሠራተኞቻችን አንዷ አንዱን እሽግ ቀደደችና መዳፏ ላይ ዘረገፈችው። ነቀዝ የለው፣ ሻጋታ የለው፣ ሽታውም ያው የባቄላ ሽታ ነው። ማታ ዘፍዝፈን በማግስቱ ቀቀልነው። ከአዲሱ ትንሽ ዘግይቶ በሰለ እንጂ ጣዕሙ ምንም አልጎደለውም። የቀሩትን 39 እሽጎች ግን ልንሸጣቸው አልቻልንም፤ እንዳንሰጣቸውም ፈራን፤ በገዛ እጃችን «ያበቃል» ብለን ጽፈንባቸዋልና። ሁሉም ተጣሉ። ይህ እስካሁን ያንገበግበናል፤ ባቄላውን ያስጣለው የእኛው ማኅተም ነው።

ደረቅ ምግብ ላይ ያለው ቀን ምን እንደሆነ በግልጽ እንናገር። ባክቴሪያም ሆነ ሻጋታ ለመራባት ውኃ ይፈልጋል። በደንብ የደረቀ ጥራጥሬ ውስጥ ለእነሱ የሚበቃ እርጥበት የለም። ስለዚህ ባቄላው በጊዜ ብዛት የሚሆነው መድረቅና ለመብሰል ማስቸገር ነው። ዱቄት ትንሽ ይለያል። ብጣሪው ያልወጣለት ዱቄት ውስጥ የእህሉ ፍሬ ዘይት ስላለ፣ ያ ዘይት ከአየር ጋር እየተገናኘ ይመራል፤ ነጩ ዱቄት የበለጠ የሚቆየውም ለዚህ ነው። የመረረ ዱቄት ገና ማሸጊያውን ስትከፍቱት በአፍንጫ ይታወቃል። እኛ ቀኑን የምንወስነው ጣዕሙና ሽታው በእርግጠኝነት እንደ መጀመሪያው የሚሆንበትን ጊዜ ገምተን፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ለጥንቃቄ ቀንሰን ነው። በአጭሩ፣ ቀኑ ስለ ጥራቱ የምንገባላችሁ ቃል ነው እንጂ ምግቡ ወደ መርዝነት የሚለወጥበት ሰዓት አይደለም።

ወተቱና አይቡ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚህ ላይ ጥብቅ እንድትሆኑ እንለምናችኋለን። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖም ይራባል። አይሸትም፣ መልክ አይለውጥም፣ ለነፍሰ ጡርና ለጽንሷ፣ ለአረጋውያንና በሽታ የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ደግሞ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። «አሽትቼ አውቀዋለሁ» የሚለው ልማድ ለባቄላ ይሠራል፣ ለለስላሳ አይብ አይሠራም። እርጎው አከራክሮናል። ኮምጣጣነቱ ብዙዎቹን ጎጂ ተህዋሲያን ስለሚገታ ከመጀመሪያው ወገን ሊመደብ ይችል ነበር። ሆኖም ከእኛ ማቀዝቀዣ ወጥቶ እናንተ ቤት እስኪደርስ ስንት ሰዓት ሙቀት ላይ እንደሚቆይ መቆጣጠር ስለማንችል፣ ለጊዜው በቀዩ ጽሑፍ ሥር አቆይተነዋል።

አንድ ቃል ይህን ያህል ያሳስባል ወይ ትሉ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳሰላው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ለተጠቃሚ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው በየሰው ቤት ነው። ከአዝመራ በኋላ ገበያ ሳይደርስ የሚጠፋው 13 በመቶ ገና እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። ምግብ ሲጣል የታረሰው መሬት፣ የጠጣው ውኃና ያጓጓዘው ነዳጅ አብረው ይጣላሉ። ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ደግሞ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። የሚባክነው ምግብ በጠቅላላው ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ከ8 እስከ 10 በመቶውን ይይዛል። የቀን ጽሑፍን በተመለከተ የአውሮፓ ኮሚሽን ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት፣ በኅብረቱ አገሮች ከሚባክነው ምግብ እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው ይላል።

ሁለቱን ቃላት የፈጠርናቸው እኛ አይደለንም። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ የሚመሩት፣ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መሥፈርት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሻሻል የጥራት ቀንና የደኅንነት ቀን ተለይተው እንዲጻፉ አድርጓል። ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችው ሕግ ከጁላይ 2026 ጀምሮ «እስከዚህ ቀን ይሸጥ» የሚለውን ለገዢ የሚታይ ጽሑፍ ከልክላ ሁለቱን ብቻ አስቀርታለች። በጃፓን ደግሞ ችግሩ ከመደብሮች በኩል ነበር። አምራቹ ዕቃው ከተመረተበት እስከ ጥራት ቀኑ ካለው ጊዜ ሲሶው ሳያልፍ ለቸርቻሪ ማስረከብ አለበት የሚል የንግድ ልማድ ስለነበራቸው፣ ዕቃው ገና ሁለት ሦስተኛ ዕድሜ እያለው ይመለስ ነበር። አሁን ብዙዎቹ ወደ ግማሽ አሻሽለውታል። ይህን ስናነብ የራሳችንን መጋዘን አሰብን፤ ለእኛም ቀኑን እንድናሳጥር የሚገፋን ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ላይ ሁልጊዜ ትኩስ መስሎ መታየት የሚፈልገው ሻጭ ነው።

ጉዳዩ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ሲደርስ ግን ይከራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅ መደብሮች ያልተሸጠ ደኅና ምግብ እንዳያጠፉ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ውል እንዲገቡ በሕግ አስገደደች። ይህን የሚደግፉ፣ የተራበ ሰው እያለ፣ ማንም እንዳይበላው ተብሎ የሚጣል ምግብ ላይ በረኪና መድፋት ነውር ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሚቃወሙት ደግሞ ችግሩ ከመጠን በላይ ማምረት ሆኖ ሳለ ትርፍራፊውን ለድሃ ማስተላለፍ መፍትሔ አይሆንም፣ ክብርም ይነካል ይላሉ። እኛ ለራሳችን አንድ መለኪያ ይዘናል፦ ቤታችን ወስደን ለልጆቻችን የማናቀርበውን ለማንም አንሰጥም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 አስገዳጅ ግብ ሲያጸድቅ፣ እስከ 2030 በችርቻሮ፣ በምግብ ቤትና በመኖሪያ ቤት የሚባክነው በነፍስ ወከፍ 30 በመቶ፣ በፋብሪካ የሚባክነው 10 በመቶ እንዲቀንስ ወሰነ። ፓርላማው ከዚህ ከፍ ያለ ጠይቆ ነበር፤ ማሳ ላይ የሚቀረው ምርትም ሳይካተት ቀረ። እንደ እኛ እምነት የገበሬው ማሳ ያለ ግብ፣ ፋብሪካው ደግሞ በዝቅተኛ ግብ ታልፎ ከባዱ ሸክም ወደ ቤት እመቤቷ ጓዳ መገፋቱ ፍትሐዊ አይደለም። ፋብሪካ ያለን እኛ ቀድመን ልንጠየቅ ይገባል። የራሳችንን የቀን ቃል ያስተካከልነውም በዚህ ስሜት ነው።

ቀኑን ጨርሶ አንሱት የሚሉም አሉ፤ በተለይ ለአትክልትና ፍራፍሬ። ለደረቅ ምግብ ግን አንስማማም። የተመረተበትን ጊዜ ማወቅ መብታችሁ ነው፤ ቀኑ ከሌለ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየውንና ትናንት የገባውን የምትለዩበት መንገድ አይኖራችሁም። ስለዚህ ከጥራት ቀኑ ጎን የተመረተበትን ቀንም ማተም ጀምረናል።

አሮጌው ጽሑፍ ያለባቸው እሽጎች ተሸጠው እስኪያልቁ ድረስ ገበያ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ደረቁ ምግብ ላይ «የሚያበቃበት ቀን» የሚለውን እንደ አዲሱ «ቢጠቀሙት ይመረጣል» አንብቡት። ቀኑ ያለፈ እሽግ ቤታችሁ ካለ ማሸጊያው አለመቀደዱንና እርጥበት አለመግባቱን እዩ፣ አሽትቱት፣ ከዚያ ራሳችሁ ወስኑ። ቀኑ ሳያልፍ የመረረ ወይም ነቀዝ የገባበት ዕቃ ካጋጠማችሁ ግን ከማሸጊያው ጀርባ ያለውን የምርት ቁጥር ይዛችሁ ደውሉልን፤ ዕቃውን እንቀይራለን፣ ከዚያው ምርት የቀረውንም ከገበያ ሰብስበን እንፈትሻለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሠራተኞች