እማዬ፣ ከዓሦቹ ፊት ቁጭ በይ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን አኳሪየም፣ ማለትም ዓሦችና ሌሎች የባሕር እንስሳት በትልልቅ የመስታወት ገንዳ የሚታዩበት ቦታ፣ ስንሄድ ምን ላዘጋጅ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ ከማጣድፍሽ ጽፌ ብልክልሽ ይሻላል ብዬ ነው። መነጽርሽን አድርገሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት፣ ሁሉንም ገንዳ ለማየት አንሞክርም። አኳሪየም ውስጥ ትልቅ ሰው የሚደክመውም፣ ልጅ የሚነጫነጨውም ከመግቢያ እስከ መውጫ ገንዳ በገንዳ ሲሮጥ ነው። የ3 ዓመት ልጅ አቅሟ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታሳያት አታይልሽም። ስለዚህ 4 ወይም 5 ገንዳ እንመርጥና እያንዳንዱ ፊት 10 ደቂቃ ያህል ቁጭ እንላለን። አሸዋ ውስጥ የተቀበረው ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ቀለሙን ከአለቱ ጋር ያመሳሰለው ባለ ስምንት ክንዱ ኦክቶፐስ የሚገለጡት ዓይን ከቆየባቸው በኋላ ነው። ለዚህ ካንቺ የተሻለ ሰው የለንም፤ ልጆቹን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ስታወሪያቸው ይረጋሉ። ትልቁንና ትንሿን አንቺ ትይዣለሽ፣ ሕፃኑን እኔ በማዘያ እሸከማለሁ። ጋሪ አንወስድም፤ በጠባቡ መተላለፊያና በሰው መሃል ከመጥቀሙ ማስቸገሩ ይብሳል።

በሩ ሲከፈት መድረስ አለብን። ከረፋዱ ጀምሮ ሰው ይሞላል፤ ሰው ሲሞላ ደግሞ ትንሿ የምታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ትኬቱን እኔ አስቀድሜ እቆርጣለሁ። እንደገባን ዓሦቹ የሚመገቡበትን ሰዓት ከሰሌዳው አይተን አንዱን ብቻ እንመርጣለን፤ 15 ደቂቃ ቀደም ብለን ከፊት፣ ግን ወደ ጥግ እንቀመጣለን። መሃል ከተቀመጥን፣ ትንሿ ሽንቴ መጣ ስትል መውጫ የለንም።

አሁን ስለ ዓይንሽ። ከብርሃን ድንገት ወደ ጨለማው አዳራሽ ስትገቢ ወለሉ አይታይሽም። ዓይን ጨለማውን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይዘገያል። በሩ ላይ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ቆመን እንጠብቃለን፤ ትልቁ ቢጎትትሽም እሺ እንዳትይው። ሶሉ ጎማ የሆነ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጊ፤ ወለሉ ቁልቁለት አለው፣ ገንዳዎቹ አጠገብም ይረጥባል። የመስታወት ዋሻው ውስጥ ወለሉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንሳፈርበትም። ሰው ሽቅብ ዓሣ እያየ ማለቁን ሳያስተውል ነው የሚደናቀፈው። ከጎኑ የማይንቀሳቀስ መሄጃ ካለ በዚያ እንሄዳለን።

ልጆቹን ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ልብስ አልብሻቸው። ቀይ አይሆንም፤ አዳራሾቹ ውስጥ የሚበራው አብዛኛው መብራት ሰማያዊ ስለሆነ ቀይ ልብስ በዚያ ብርሃን ጥቁር ይመስላል፣ ልጅም በጨለማው ይጠፋብሻል። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ የለበሱትን ልብስ ፎቶ አነሳለሁ፣ ስልክ ቁጥሬንም በእስክሪብቶ ክንዳቸው ላይ እጽፋለሁ። ትልቁን አንቺም ደጋግመሽ ንገሪው፦ ከጠፋህ እዚያው ቁም፣ ስማችንን ጥራ፣ የአኳሪየሙን የደንብ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ ንገር። «መውጫው ላይ እንገናኝ» አትበይው፤ መውጫ ፍለጋ ሲሄድ ጭራሽ ይርቃል።

በእጅ የሚነካበት ገንዳ ጋ ረዘም ላለ ጊዜ ብንቆይ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ቀለበትሽንና አምባርሽን አውልቀሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። የልጆቹን እጅጌ ከክርን በላይ ጠቅልይላቸው፤ ውሃ ከላይ ሲያዩት ከእውነተኛ ጥልቀቱ ያነሰ ስለሚመስል ልጅ ክንዱን ሳያስበው ጠልቆ ይከታል፣ የረጠበ እጅጌ ደግሞ በቀዝቃዛው አዳራሽ ሲያንቀጠቅጠው ይውላል። ከዚያ እጃቸውን በንጹሕ ውሃ ብቻ አለቅልቂ። ቅባት፣ ሳኒታይዘርና የሳሙና ቅሪት እንስሳቱን ይጎዳል፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ጠዋት እጃቸውን ቅባት አትቀቢያቸው። የሚነካው በሁለት ጣት፣ በቀስታ፣ ከላይ ብቻ ነው። መጭመቅ፣ መገልበጥ፣ ከውሃ ማውጣት አይፈቀድም። ሲጨርሱ በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ይታጠቡ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ ካለ አይንካ፤ ያይ።

ኮከብ ዓሣው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ካገኘሽው ሁለቱንም ጎንበስ አድርገሽ ከሥሩ አሳዪያቸው። ክንዶቹ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ ክር መሳይ እግሮች አሉት፤ የእያንዳንዳቸው ጫፍ ክብ ነው፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይለቃል፣ አንዱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል። የሚያንቀሳቅሳቸው በውስጣቸው የሚገባው የባሕር ውሃ ነው። ደም የለውም፣ አንጎልም የለውም። ልጅ በኃይል ሲስበው እግሮቹ ተበጥሰው መስታወቱ ላይ ይቀራሉ፤ አትሳብ የሚባለው ለዚህ እንደሆነ ንገሪያቸው። ትልቁ ምክንያቱን ካወቀ ትንሿን ራሱ ይቆጣጠርልሻል።

መስታወቱንም አይደብድቡ። ድምፅ ውሃ ውስጥ ከአየር ውስጥ አራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ ዓሣ ደግሞ በጎኑ በተዘረጋ ስሜት መስመር ትንሿን የውሃ ንዝረት ሳይቀር ያውቃል። ውጭ ሆነን በጣት ጠቅ ስናደርግ ለሱ ቀላል ነገር አይደለም። ትልልቆቹ ገንዳዎች ላይ መስታወት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ በቀለበትና በመጫወቻ መኪና በቀላሉ ይጫጫራል። የልጆቹን መጫወቻ ቤት እንተወው።

ትንሿ ትልቁን ሻርክ ስታይ ልትፈራ ትችላለች። በጠፍጣፋው መስታወት ፊት ለፊት ሲያዩት ዓሣው ከእውነተኛ ርቀቱ በሩብ ያህል ቀርቦ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ሊነካት የደረሰ ይመስላታል። «አትፍሪ» ብለሽ ወደ መስታወቱ አታስጠጊያት። ከኋላ ካለው ግድግዳ ጋ ጀርባሽን አስደግፈሽ ቁጭ በይ፣ እሷን ጉልበትሽ ላይ አድርጊያት፣ ስትፈልግ ራሷ ወርዳ ትሄዳለች። ካለቀሰች ጄሊፊሽ ወደሚባሉት ዣንጥላ መሳይ ለስላሳ የባሕር እንስሳት ክፍል ውሰጃት፤ እዚያ ጸጥ ይላል፣ እንቅስቃሴያቸውም ዝግ ያለ ነው። ገንዳቸው ክብ የሆነው ጥግ ላይ ተጣብቀው እንዳይጎዱ፣ ውሃውም በዝግታ እያዞረ እንዲያንሳፍፋቸው ነው። ልብም አንጎልም የላቸውም፣ ከአካላቸው 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ያበዛብሻል፤ መልሱን ከአሁኑ ያዢው። ሻርኩ ሌሎቹን ለምን አይበላም ካለሽ፣ ሠራተኞቹ በሰዓቱ ስለሚያጠግቡት ነው። ዓሣ ይተኛል ወይ ካለሽ፣ ያርፋል፣ ግን አብዛኞቹ የዓይን ቆብ ስለሌላቸው ዓይናቸው እንደተከፈተ ነው። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው፣ ደሙም ሰማያዊ ነው። የባሕር ፈረስ የሚያረግዘው አባትየው ነው፤ እንቁላሉን ሆዱ ላይ ባለ ከረጢት ይዞ እስኪፈለፈል ይጠብቃል። ይህን ስትነግሪው ተገርሞ ዝም ብሎ ያያል፣ አንቺም በዚያ መሃል ትንሽ ታርፊያለሽ።

ፎቶ ስታነሺ ፍላሹን አጥፊ፤ እንስሳቱን ያስደነግጣል፣ ፎቶውም ላይ ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ነው የሚወጣው። የስልኩን ካሜራ መስታወቱ ላይ ለጥፈሽ አንሺ፣ ነጸብራቁ ይጠፋል።

ልጆቹን ከመግባታችን በፊት እናበላቸዋለን፣ ሽንት ቤትም እንወስዳቸዋለን፤ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ዳይፐር መቀየሪያ መፈለግ አድካሚ ነው። ለምሳ መውጣት ካለብን፣ ተመልሶ መግባት ይቻል እንደሆነ ከመውጣታችን በፊት በሩ ላይ እጠይቃለሁ። መጨረሻ ላይ የመጫወቻ ሱቅ ይኖራል፤ አንድ አንድ ነገር ብቻ እንደሚገዛላቸው ዓርብ ማታ ቤት ውስጥ ተነጋግረን እንጨርስ፣ ሱቁ በር ላይ ከሆነ ለቅሶ ነው።

ጉልበትሽ የዚያን ቀን ጠዋት ካመመሽ አትደብቂኝ። ብዙ አኳሪየሞች ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳሉ፤ እዚያ መኖሩን እኔ አስቀድሜ ደውዬ አረጋግጣለሁ። የሚመች ሹራብሽን ያዢ፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ስልክሽንም ዓርብ ማታ ቻርጅ ላይ አድርጊው።

የምትወድሽ ልጅሽ