የኔትወርክ ሽፋን ሲለካ የገደሉ ማሚቶም ይቆጠር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ገጠር የኔትወርክ ሽፋን በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ሽፋኑን የሚለኩት በማማ ብዛትና በሲግናል ጥንካሬ ነው። ለሜዳማ አገር ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ጣርማበር ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ድረስ መሬቱ በገደል በገደል ለሚወርድበት ለሰሜን ሸዋ ግን አይበቃም።

ከማማው የተነሣ ሞገድ ስልካችን ዘንድ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በቀጥታ ከሚመጣው ሌላ፣ ከወዲያኛው ገደል ነጥሮ እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይቶ የሚደርስ አለ። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መንገዱ በ3 ኪሎ ሜትር የረዘመበት ማሚቶ 10 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል። የቀድሞው የሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ፣ ጂኤስኤም፣ እስከ 16 ማይክሮ ሰከንድ የሚደርስ መዘግየትን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በተለመደው አሠራሩ ለማሚቶ የሚተወው ፋታ ግን 4.7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ጠንካራ ማሚቶ ተከታዩን መልእክት ይበርዘዋል። ሲግናሉ ሞልቶ እየታየ ኢንተርኔቱ አልከፍት የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ መብራት መጥፋትና የተጠቃሚ መብዛት የሚያመጡትን ጣጣ ዘንግቼ አይደለም።

ይህን ማማው ሳይተከል ማስላት ይቻላል። ኬን ዪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ዘዴ ቦታውን በጥቃቅን ኩቦች ከፋፍሎ የሬዲዮ ሞገድ የሚመራባቸውን የማክስዌልን እኩልታዎች በጊዜ እያራመዱ መፍታት ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን በ900 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ የኩቡን ጎን የዚያ አንድ አሥረኛ ብናደርገው አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ብቻ 27 ትሪሊዮን ያህል ኩብ ይፈልጋል። ሞገዱን እንደ ቀጭን መስመር የሚቆጥረው የጨረር ስሌት በአንጻሩ ቀላል ቢሆንም፣ ጨረሮች በሚታመቁበት ቦታ ጉልበቱን ወሰን የለሽ፣ ከገደሉ ጥላ ሥር ደግሞ ዜሮ ያደርገዋል።

ለእኛ መልክዓ ምድር የሚስማማው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ሞገዱን ውፍረት ባላቸው የሞገድ ዘለላዎች (ቢሞች) የሚከፋፍለው የቢም ዘዴ ይመስለኛል። ከአንቴናው የሚወጣው ሞገድ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መነሻና አቅጣጫ ያላቸው፣ መሐላቸው ጠንክሮ ወደ ዳር የሚሳሱ ጋውሲያን ቢሞች ድምር ሆኖ ይጻፋል፤ ስለዚህም ጨረሮች በሚታመቁበት ቦታ እንኳ ውጤቱ ከልክ አያልፍም። ውፍረቱን መምረጥ ግን ማስተዋል ይጠይቃል፦ በዚሁ 900 ሜጋ ኸርዝ፣ መነሻው ላይ ከመሐል እስከ ዳር 5 ሜትር የሆነ ቢም 235 ሜትር ያህል ሄዶ በጉልህ ሲሰፋ፣ 10 ሜትር የሆነው እስከ 940 ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ጊዜን ለማስገባት ቢሙ በአጭር ፐልስ፣ ማለትም ለቅጽበት ብቻ በሚቆይ የሞገድ ምት፣ ይተካል። ፐልሱ በየትኛው ቅጽበት የት እንዳለ ስለሚታወቅ፣ በምንፈልገው ጊዜ በምንፈልገው መንደር የማያልፉትን ሁሉ ከስሌቱ ማስወጣት ይቻላል፤ የቀሩት ሲደመሩ ማሚቶው መቼና በምን ጉልበት እንደሚደርስ ይታያል። እርግጥ ሹል የገደል አፋፍ ሞገዱን የሚያጎብጥበት ሁኔታ ለብቻው መታረም አለበት።

ይህ ሥራ ለፊዚክስና ለምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት የሚሆን ነው፤ ከጥሩ የከፍታ ካርታና ከተራ ኮምፒዩተር የዘለለ ብዙ ነገር አይጠይቅም። ዝግጅት ክፍሉም የዘርፉን ኃላፊዎች ሲያነጋግር፣ ሽፋኑ ስንት በመቶ እንደደረሰ ከጠየቀ በኋላ፣ በጀማ ሸለቆና በደብረ ሲና ቁልቁለት ማሚቶው በስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደሚዘገይ ተሰልቶ ያውቅ እንደሆነ እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን