መርፌው አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በፊዚዮቴራፒ ሕክምና ውስጥ ስለሚሰጠው አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌዎችን ሰውነት ላይ በመውጋት የሚሰጥ ሕክምና) ሲነሳ የሚሰማው አንድም ያልተገራ ውዳሴ፣ አንድም ጭፍን ንቀት በመሆኑ ይህን አጭር አስተያየት ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 አኩፓንክቸር ለታችኛው የጀርባ ሕመም እንዳይሰጥ ሲመክር፣ በ2021 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ግልጽ መነሻ ለሌለው ሥር የሰደደ ሕመም ከአማራጮች አንዱ ሊሆን እንደሚችል አስፍሯል። ይህ መዋዠቅ አይደለም፤ የሕመሙ ዓይነት ሲለያይ መልሱም እንደሚለያይ ያሳያል እንጂ። እውነተኛውን መርፌ ከአስመሳይ መርፌ (ታካሚው ትክክለኛውን ሕክምና ያገኘ እንዲመስለው ብቻ ከሚደረግ) ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችም በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት ጠባብ መሆኑን ያመለክታሉ።

ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? በእኔ እምነት፣ ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ሲልለት ታካሚው ሲሸሸው የነበረውን እንቅስቃሴ ለመጀመር ድፍረት ማግኘቱ ላይ ነው፤ ጡንቻን የሚያጠነክረውና መገጣጠሚያን የሚያፍታታው መርፌው ሳይሆን ከዚያ በኋላ በትጋት የሚሠራው እንቅስቃሴ ነውና። ሃያ ደቂቃ ተኝቶ መርፌ ብቻ ተወግቶ የሚሄድ ሰው (እንዲህ ያለው ጥቂት አይደለም) የሕክምናውን ግማሽ እንኳ አላገኘም።

ጥንቃቄውም ሊዘነጋ አይገባም። መርፌው ከጀርም የጸዳና አንዴ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ አስቀድሞ ሊናገር ይገባል፤ በደረት አካባቢ ጠልቆ የሚገባ መርፌ አልፎ አልፎም ቢሆን ሳንባን ሊበሳ ስለሚችል ሥራው በቂ ሥልጠና ለወሰደ ባለሙያ ብቻ ሊተው ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ